ስለ ዶሮ አናትና ስለ ክሮሞሶም

በዓውደ ዓመት ዋዜማ በካዛንችስ መንገድ ወይም ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው ጎዳና የሚያልፍ ሰው የዶሮ ሻጭ ሳያጋጥመው አይቀርም። እናቶቻችን ዶሮውን አንሥተው በእጃቸው ይመዝናሉ፤ ደረቱን ይዳስሳሉ፤ ላባውን እፍ ብለው ገላውን ያያሉ። ሻጩም በበኩሉ፣ «እትዬ፣ አናቱን ይዩልኝ እንጂ፤ ድርብ እኮ ነው!» ይላል። ነጠላ የሚባለው በአናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እንደ መጋዝ ጥርስ በአንድ ረድፍ የቆመለት ነው፤ ድርብ የሚባለው ደግሞ ይኸው ሥጋ ወፈር ወይም ሰፋ ብሎ ጉብታ የበዛበት ነው። ለድርቡ ዋጋ ይጨመርበታል። ገዢና ሻጭ ሳያውቁት የሚከራከሩት ግን ስለ ክሮሞሶም ነው፤ ይህንንም የምንለው ለቀልድ አይደለም።

ክሮሞሶም ማለት በሕዋስ አስኳል ውስጥ ያለ፣ ከእናትና ከአባት የተወረሰው ጽሕፈት የተጠቀለለበት ክር ነው። ሰው 46 አለው፤ ዶሮ 78። ቁጥሩ በዛ ማለት ግን ጽሕፈቱ በዛ ማለት አይደለም። የዶሮው ጽሕፈት በጠቅላላው የሰውን አንድ ሦስተኛ ቢያህል ነው፤ ልዩነቱ ያለው በአጠራረዙ ላይ ነው። የአንድ ደብር ዕቃ ቤት ተከፍቶ ጥቂት ትልልቅ የብራና መጻሕፍትና ብዙ፣ እጅግ ትንንሽ የአንገት ክታቦች ተገኙ እንበል። የዶሮ ክሮሞሶም እንደዚህ ነው። ክታቦቹ ከጠቅላላው ጽሕፈት ሩቡን ያህል ብቻ ሲይዙ፣ ከጂኖቹ ግን ግማሽ ያህሉ የሚገኙት በእነርሱ ውስጥ ነው። በትልልቆቹ ዘንድ ባዶ ኅዳግ ብዙ ነው፤ በትንንሾቹ ዘንድ ግን ቦታ አልባከነም። ቀድሞ በማይክሮስኮፕ የሚመለከቱ ሊቃውንት እነዚህን ትንንሾች እንደ ትቢያ የቈጠሩበት ጊዜ ነበር።

አብዛኞቹ ወፎች 80 ያህል ክሮሞሶም አላቸው። በየጣራው ላይ የምናያት እርግብ 80 አላት። ኤሊም ብዙ ትንንሾች ስላሏት፣ ይህ አጠራረዝ ኤሊና ወፍ ከመለያየታቸው በፊት፣ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ መሆኑን ተመራማሪዎች ያምናሉ። ጫጩት ነጣቂው ጭላት ግን ከሥርዓቱ ወጥቷል፤ በእርሱና በንስር ወገን ብዙዎቹ ትንንሾች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው መካከለኛ መጠን ያላቸው ሆነዋል። ስለዚህ ጭላቱ ጫጩቲቱን ሲነጥቅ፣ ነጣቂው ከተነጣቂዋ ያነሰ የክሮሞሶም ቁጥር ይዞ ይበርራል።

ጾታም እንደ እኛ አይደለም። በዶሮ ዘንድ ወንዱ ሁለት አንድ ዓይነት ክሮሞሶም አለው፤ ሁለት የተለያዩ ያሏት ሴቲቱ ናት። እንግዲህ ጫጩቱ ወንድ ይሁን ሴት የሚለየው በእናቲቱ ነው። በሰው ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ሳለ፣ ሴት ብቻ ወለድሽ ተብላ የምትወቀሰው ሚስት መሆኗ ያስገርመናል፤ ወቃሾቹ ሕጉን የተማሩት ከዶሮ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ አናቱ እንመለስ። እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን እ.ኤ.አ. በ1902 የሜንዴል ሕግ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ ያስረዳው በዚሁ በዶሮ አናት ሥጋ ነበር። ምክንያቱ እስኪታወቅ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ከድርቦቹ አንደኛው ዓይነት ዝቅ ያለና ሦስት ረድፍ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደ ተገለጸው፣ በዚህ ዶሮ በአንደኛው ክሮሞሶም ላይ አንዲት የጽሕፈት ቁራጭ፣ እንቅልፍ የጣለው ጸሓፊ አንድን መስመር ደጋግሞ እንደሚቀዳው፣ ብዙ ጊዜ ተደጋግማለች።

ሁለተኛው ዓይነት ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ኋላ የሚሾል ነው። የዚህኛው ነገር የበለጠ ይደንቃል። በሰባተኛው ክሮሞሶም ላይ 7.4 ሚሊዮን ፊደል የሚያህል ክፍል ተቈርጦ፣ ተገልብጦ ተመልሶ ተሰፍቷል፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ጠራዥ ከዳዊቱ መካከል ጥቂት ጥራዞችን ገልብጦ ቢሰፋ ከቃሉ የሚጠፋ እምብዛም የለም፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የማይገናኙ መዝሙሮች ይጎራበታሉ። እዚህም አንድ ጂን አዲስ ጎረቤት ስላገኘ፣ በማይነበብበት ቦታ፣ ማለት በአናቱ ሥጋ ውስጥ፣ ይነበብ ጀመር። ሥጋውም ሰፋ።

መርፌው ያረፈበት ሥፍራ ግን ክፉ ነው። ስፌቱ ሌላ ጂን ሰንጥቋል፤ ይህም ለወንዱ ዘር እንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ነው። ከእናቱም ከአባቱም የተገለበጠውን የወረሰ አውራ ዶሮ ዘሩ ደካማ ይሆናል። ከአንደኛው ብቻ የወረሰው ግን ደኅና ይወልዳል፤ አናቱም ያው ሰፊ ነው። በዓይን ሁለቱን መለየት አይቻልም። ለድስት ከሆነ ለውጥ የለውም። ዶሮ ለማርባት የሚገዛ ሰው ግን ሁልጊዜ ሰፊውን እየመረጠ ሲያዳቅል፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የማይፈለፈል እንቍላል ሊሰበስብ ይችላል።

አንዱ መለያ እናቲቱን ማወቅ ነው። ነጠላ እናት የተገለበጠ ክፍል ስለሌላት፣ ልጇ ሰፊ አናት ቢኖረውም የወረሰው ከአባቱ ብቻ ነው። የካዛንችስ ብዙው መንደር በ2017 ዓ.ም. ለልማት ከመፍረሱ በፊት፣ በግቢው ዶሮ የሚያረባ ሰው የጎረቤቱን ዶሮ እናት ሳይቀር ያውቅ ነበር። ዛሬ ግን እግሩ ታስሮ በመኪና ከሩቅ አገር የመጣውን ድርብ አውራ ይዞ ለቆመው ሻጭ፣ «እናቱ ነጠላ ነበረች ወይ?» ብንለው፣ የምንገዛ ሰዎች አለመሆናችንን ወዲያው ያውቃል።