የሞላ ስልክና የሲል ቁጥር

ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የጫነ ሾፌር ከተርሚናሉ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ፎቶ እንዲያነሳ እንጠይቀዋለን፦ የኮንቴይነሩን ቁጥር፣ በሩ ላይ የታሰረውን ሲል (ቁጥር ያለበትን የብረት ማሸጊያ)፣ የተጎዳ ጎን ካለ ደግሞ እሱን። የደቂቃ ሥራ ነው። ስልኩ ግን «ሚሞሪ ሞልቷል» ብሎ እምቢ ይላል። ከኋላ የተሰለፈው መኪና ጡሩንባ ይነፋል፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ሾፌሩም ጋለሪውን ከፍቶ ከላይ ያገኘውን ቶሎ ቶሎ ያጠፋል። ጋለሪ ላይ ከላይ የሚቀመጠው የቅርቡ ነው። የቅርቡ ማለት ደግሞ የዛሬው ሰነድ ነው።

በትራንዚት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን በየጊዜው እናያለን። ስልክ ሲሞላ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ትልቁ ፋይል የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ለሾፌሮች የምነግራቸው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህ ነገር ቢጠፋ ተመልሶ ይገኛል ወይ?

ቴሌግራም ላይ ያለው አብዛኛው ይገኛል። ቪዲዮውም ድምፁም የተቀመጠው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ስልኩ ላይ ያለው ቅጂ ቢጸዳ ሲፈለግ እንደገና ይወርዳል። ሚስጥራዊ ውይይት የሚባለው ብቻ ከዚህ ውጪ ነው። ስለዚህ ስልክ ሞላ ሲባል መጀመሪያ የምነካው ቴሌግራምን ነው፤ ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ የተከማቸውን አጸዳና የወረደ ነገር ከሳምንት በላይ እንዳይቆይ አደርጋለሁ። የመዝናኛ ቻናል የሚከታተል ሰው ስልክ ላይ የሚለቀቀው ቦታ ባለቤቱን ራሱን ያስገርመዋል።

ዋትሳፕ ግን ሌላ ነው። አንዴ ስልክህ ላይ የወረደ ፎቶ ከስልክህ ከጠፋ ላኪውን «እባክህ ድገምልኝ» ብሎ ከመለመን ውጪ ሁልጊዜ መመለሻ አይኖርም። መፍትሔው ስልኩ የሚሞላበትን በር መዝጋት ነው፦ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማድረግ። የሠፈር፣ የእድርና የሠርግ ግሩፕ የሚልከው ሁሉ ሳይጠየቅ እየወረደ የሥራውን ቦታ ይይዛል። የስልኩን ሴቲንግ የሚነካካ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፤ «ክሊር ካሽ» ጊዜያዊውን ብቻ ያጸዳል፣ «ክሊር ዳታ» ግን የዋትሳፑን ውይይት ጠራርጎ ይወስዳል።

ብዙ ሾፌሮች «ለቢሮ በዋትሳፕ ልኬዋለሁ፣ ካሜራዬ ላይ ያለውን ላጥፋው» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው የምከራከረው። ዋትሳፕ ፎቶውን ጨምቆ ነው የሚልከው። የኮንቴይነር ቁጥር ቢደበዝዝ ብዙም አያስጨንቅም፤ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ አለው፣ የመጨረሻዋ አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ስለሆነች አንዱ በስህተት ከተነበበ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጠዋል። የሲል ቁጥር ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። የብረቱ ወለል ያብረቀርቃል፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ በተጨመቀው ፎቶ ላይ 3 ይሁን 8 ለመለየት ሰው ዓይኑን ያፈጣል። ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥርና በሩ ላይ ያለው ካልገጠሙ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠየቀው መሪ የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ የሚጠፋው ዋትሳፕ ለራሱ ያስቀረው ቅጂ ይሁን፣ ዋናው ይቆይ። ለቢሮም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ዶክመንት ይላክ፤ ያኔ ሳይጨመቅ ይደርሳል።

«ጎግል ፎቶስ ላይ አስቀምጬ ከስልኬ አጠፋለሁ» የሚለውም እንደ ፋይሉ ነው። ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥ ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል፤ ነፃው 15 ጊጋባይት ነው፣ እሱንም ኢሜይሉ ይጋራዋል። ለቤተሰብ ፎቶና ላለቀ ጉዞ ጥሩ ነው። ለተጀመረ ጉዞ ግን አይሆንም። ጅቡቲ ከተማ ብዙ የባሕር ውስጥ ኬብል የሚወጣባት ናት፤ በጋላፊ በኩል እስከ አዲስ አበባ ባለው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ግን ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ስፍራ አለ። ኬላ ላይ ሰነድ ሲጠየቅ ክላውድ ላይ ያለ ፎቶ አይከፈትም። የተጫነው ዕቃ ሰነድ ስልኩ ውስጥ ራሱ መገኘት አለበት።

«ስልክ አጽዳ» የሚሉ አፖችን አልወድም፤ ማስታወቂያ እየደረደሩ ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ። በርካሽ የሚሸጥ ሚሞሪ ካርድም ያሳስበኛል። ላዩ ላይ 256 ተብሎ የተጻፈበት ሐሰተኛ ካርድ ውስጡ ከዚያ በጣም ያነሰ ሆኖ ይገኛል፣ ሲሞላም ምንም ሳይናገር አዲሱን ፋይል ያበላሻል።

ይህን ሁሉ የምናገረው ለሾፌሩ ብቻ አይደለም። የጎማና የዘይት ወጪ የሚሸፍን ባለንብረት፣ ፎቶ ላክልኝ እያለ በየሰዓቱ የሚደውል እሱ ራሱ ሆኖ፣ የስልኩን ነገር ለሾፌሩ ኪስ መተው የለበትም። ጥሩ ካርድ ወይም ሰፋ ያለ ስልክ የሥራ ዕቃ ነው።

ስልክ የሚጸዳው ደግሞ ተራ በሚጠበቅበት ጊዜ ነው። ጅቡቲ ውስጥ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት ፒኬ 12 ላይ መኪናው ቆሞ ሻይ እየተጠጣ፣ ዋይፋይ ካለም ያለፈው ጉዞ ፎቶ እየተጫነ፣ በእርጋታ ይሠራል። የኮንቴይነሩ ፎቶ ግን ዕቃው ቢራገፍም አይነካም፤ ባዶው ኮንቴይነር ተመልሶ ርክክቡ እስኪፈረምና ለኮንቴይነሩ የተያዘው የመያዣ ገንዘብ እስኪለቀቅ ድረስ ይቆያል። «ይህ ጭረት ስትወስደው አልነበረም» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያን ጊዜ ነውና።