ፎቶግራፍን በድረ ገጽ ስለ መሸጥ

በቆቦ ገበያ ማሽላ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ እህሉ ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ገዢው ዘግኖ ያየዋል፣ ይቆረጥመዋል፣ ከዚያም ዋጋውን ይጠይቃል። ፎቶግራፉን በኢንተርኔት ዘርግቶ ገዢ የሚጠብቅ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ገዢው በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ተቀምጦ ስለሚያይ፣ ድረ ገጹ ራሱ ሻጭም፣ ሚዛንም፣ ደረሰኝም ሊሆን ይገባዋል።

ከራያ ቆላ ለገበያ የሚበቃ ፎቶግራፍ አይታጣም። ከዞብል ተራራ ሥር የተዘረጋው የማሽላ እርሻ፣ ገበሬው የክረምቱን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣበት ዘዴ፣ በነሐሴ ወር ልጃገረዶች የሚጫወቱት ሶለል፣ እነዚህ ሁሉ ለመጽሐፍ፣ ለቀን መቁጠሪያ፣ ለሆቴል ግድግዳና ለጉዞ ማስታወቂያ የሚፈለጉ ናቸው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የፎቶግራፍ አንሺ ድረ ገጽ የሥራ ማሳያ ሆኖ ይቀራል እንጂ ሱቅ አይሆንም። ጎብኚው ገብቶ ያያል፣ ያደንቃል፣ ምን እንደሚሸጥና በስንት እንደሚሸጥ ሳያውቅ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ማሳያውን ወደ ሱቅ ለመለወጥ ምን እንደሚያስፈልግ በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት አለበት። ከአንድ ፎቶግራፍ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሸጣሉ። አንደኛው በወረቀት የታተመው ቅጂ ነው። ይህን የገዛ ሰው በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ይሰቅለዋል፤ ወረቀቱ የእርሱ ነው፣ አባዝቶ የመሸጥ መብት ግን የለውም። ሁለተኛው የመጠቀም ፈቃድ ነው። በዚህ ጊዜ ገዢው ወረቀት አይወስድም፤ ምስሉን በተወሰነ ሥራ ላይ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ አገር እንዲያወጣ ይፈቀድለታል። የመጀመሪያው ቤትን እንደ መሸጥ፣ ሁለተኛው ቤትን እንደ ማከራየት ነው። ሁለቱን በአንድ ዋጋና በአንድ ገጽ የቀላቀለ ሰው አንዱን በሌላው ዋጋ አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ በድረ ገጹ ላይ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ አጠገብ ሁለት በሮች ሊከፈቱ ይገባል፤ አንዱ «የታተመ ቅጂ ለመግዛት»፣ ሌላው «የመጠቀም ፈቃድ ለመጠየቅ» የሚል።

የፈቃድ ዋጋ የሚወሰነው በምስሉ ውበት ብቻ አይደለም። ለምን ሥራ እንደሚውል፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ በየትኛው አገር እንደሚሠራጭ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይና ገዢው ብቻውን ሊጠቀምበት የሚፈልግ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ለአንድ ትምህርት ቤት መጽሔት የሚሰጥ ፈቃድና ለአንድ የቢራ ማስታወቂያ የሚሰጥ ፈቃድ በዋጋ አይተካከሉም። ድረ ገጹ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በአጭር ቅጽ ቢጠይቅ፣ ሻጩ ዋጋውን ለማስላት፣ ገዢውም የሚከፍልበትን ምክንያት ለመረዳት ይችላል። መልሱም በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ውል በመልኩ ምክንያት ብቻ ዋጋ አያጣም፤ እንግዲህ ርቀት ውል ላለመጻፍ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። የጥበቃው ዘመን ግን አጭር ነው፤ ፎቶግራፉ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ይቆያል። አሮጌ ፊልም በሣጥን ያኖሩ የፎቶግራፍ ቤት ባለቤቶች ይህን ልብ ማለት ይገባቸዋል። በ1980 ዓ. ም. የተነሣ ምስል ዘመኑ አልፎበታል፤ ባለቤቱ የሚሸጠው ሌላው ሰው የሌለውን ጥሩ ቅጂና ትክክለኛ መግለጫ እንጂ በሕግ የተከለለ ፈቃድ አይደለም። የዛሬውን ሥራ ግን ቀኑን መዝግቦ የያዘ ሰው መብቱ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ለገዢው በልበ ሙሉነት ሊነግር ይችላል።

ከፎቶግራፍ አንሺው መብት ሌላ የተነሣው ሰው መብት አለ። የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ ስለ ተደረጉ ወይም ሕዝብን ስለሚመለከቱ በዓላትና ሁኔታዎች፣ እንዲሁም ስለ ታወቁ ሰዎችና ስለ ባለሥልጣኖች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። በዚህ ምክንያት የሶለልን ጨዋታ በአጠቃላይ የሚያሳይ ምስል በዜና ወይም በትምህርት መጽሐፍ ቢወጣ አያስቸግርም ይሆናል። የአንዲት ልጃገረድን ፊት ለይቶ ለሳሙና ወይም ለስልክ ማስታወቂያ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አስተዋይ ነጋዴ በአማርኛ የተጻፈ አጭር የፈቃድ ወረቀት በኪሱ ይይዛል፤ ምስሉ ሊሸጥ እንደሚችል ለተነሣው ሰው አስረድቶ ያስፈርማል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰች እንደ ሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። በድረ ገጹም ላይ ከምስሉ በታች «የተነሣው ሰው የጽሑፍ ፈቃድ አለው» ወይም «የለውም» ተብሎ ይጻፍ። የውጭ ማስታወቂያ ድርጅቶች አስቀድመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ የሌለው ሻጭ ገዢውን እዚያው ያጣል። ከገዢም በላይ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ፊት ሳታውቀው በባዕድ አገር ግድግዳ ላይ መዋሉ በአገራችን ባህል ነውር ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ መግለጫ ነው። ኦቶ ቤትማን የተባለው ሰው በ1935 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ወደ ኒው ዮርክ ሲሰደድ ይዞት የገባው በሁለት ሣጥን የተሞላ ምስል ነበር። ምስሎቹን በርእስና በዘመን ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ካርድ አውጥቶ ለጋዜጦችና ለመጻሕፍት አታሚዎች ያከራይ ጀመር፤ ስብስቡ አድጎ በ1995 እ.ኤ.አ. የቢል ጌትስ ኩባንያ የሆነው ኮርቢስ ገዛው። ምስል ያለው ሰው ብዙ ነበር፤ የቤትማን ሀብት የተፈለገው ምስል በተፈለገበት ሰዓት መገኘቱ ነው።

ለቆቦ ነጋዴ ይህ ነገር ከሌላው ይልቅ ይብስበታል። በውጭ አገር ያለ ገዢ የከተማችንን ስም ብቻውን በላቲን ፊደል ጽፎ ቢፈልግ፣ በቅድሚያ የሚያገኘው በዚያው ስም የሚጠራውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ነው። ስለዚህ «ቆቦ» ብቻ ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም፤ «ቆቦ፣ ራያ፣ ሰሜን ወሎ፣ ኢትዮጵያ» ተብሎ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አብሮ ይጻፍ። ከዚያም ማን፣ ምን ሲያደርግ፣ የት፣ በምን ቀን እንደ ሆነ በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ይገለጽ። የእህሉ፣ የልብሱና የጨዋታው ስም የአካባቢው ሰው በሚጠራበት ቃል ይመዝገብ። ባዕድ ፎቶግራፍ አንሺ ለሁለት ቀን መጥቶ ሊጽፈው የማይችለው ይህን ነው፤ የእኛም ብልጫ በዚሁ ላይ ነው። መግለጫው ካልተጻፈ ግን የራያ ምስል «የአፍሪካ ገጠር» ተብሎ በሌላ ሰው ድረ ገጽ ይሸጣል።

ይህ መግለጫ ከምስሉ በታች ብቻ ሳይሆን በፋይሉ ውስጥም ሊጻፍ ይችላል። የፎቶግራፍ ማስተካከያ ፕሮግራሞች የአንሺውን ስም፣ የመብቱን ባለቤትና ፈቃድ የሚገኝበትን አድራሻ የሚቀበሉ ሣጥኖች አሏቸው። ጉግል ከነሐሴ 2012 ዓ. ም. ጀምሮ እነዚህ ሣጥኖች ለተሞሉላቸው ምስሎች ፈቃድ የሚጠየቅባቸው መሆናቸውን የሚያሳይ ምልክት በምስል ፍለጋው ላይ ያወጣል፤ ገዢውም ምልክቱን ተከትሎ ወደ ሻጩ ገጽ ይደርሳል። ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው።

አራተኛው የምስሉ መጠን ነው። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥሩ ቅጂ ለማተም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስለሚፈለግ፣ ፋይሉ ወደ 3,543 በ4,724 ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ከሩቅ ለሚታይ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር ቅጂ በኢንች 150 ነጥብ ስለሚበቃ፣ ያው ፋይል ሁለቱንም ያገለግላል። በድረ ገጹ ላይ ለማሳያ የሚወጣው ግን ትንሹ ቅጂ ይሁን። ረጅሙ ጎኑ 1,200 ነጥብ የሆነ ምስል በስልክ ላይ አምሮ ይታያል፣ ቶሎም ይከፈታል፤ የሰረቀው ሰው ግን በጥሩ ጥራት ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቅጂ ሊያትምበት አይችልም። ትልቁን ፋይል ለሕዝብ መዘርጋት መጋዘንን ከፍቶ እንደ ማደር ነው።

አምስተኛው ዋጋና ክፍያ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የአንድ ቅጂ ማሳተሚያ 1,500 ብር፣ መጠቅለያው 300 ብር፣ የፖስታው 1,200 ብር፣ የባንኩ 100 ብር ቢሆን፣ ወጪው 3,100 ብር ይሆናል፤ የፎቶግራፍ አንሺው ድካምና የካሜራው እርጅና ገና አልተቆጠረም። ይህን ሳያሰላ በ3,000 ብር የሚሸጥ ሰው በሸጠ ቁጥር ይከስራል። የቅጂው ቁጥር የተወሰነ ነው ተብሎ ከተሸጠ ደግሞ ቃሉ ይጠበቅ፤ «ከ25 ቅጂ 3ኛው» ተብሎ ተፈርሞ የተሸጠ ፎቶግራፍ 26ኛ ቅጂ ቢወጣለት፣ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሁሉ ተታለሉ ማለት ነው። ለአገር ውስጥ ገዢ በግንቦት 2013 ዓ. ም. የተጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የስልክ ክፍያ ሥራውን አቅልለውታል። ከውጭ የሚመጣውን ክፍያ በተመለከተ ግን ድረ ገጹ ሳይከፈት ባንክን ማነጋገር ይበልጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ. ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ፣ ለውጭ ገዢ ዋጋውን በውጭ ገንዘብ መጻፍ ሁለቱንም ወገን ከክርክር ያድናል።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ውድ ካሜራና የታወቀ ስም ላላቸው ብቻ ነው ሊል ይችላል። የአዲስ አበባው ግርማ በርታ የከተማውን መንገደኞች በስልኩ አንሥቶ በኢንስታግራም ሲያወጣ ቆይቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የ10,000 ዶላር ድጋፍ ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ የመሣሪያው ማነስ ምክንያት አይሆንም።

በመጨረሻ ስለ ጥበቃ አንድ ቃል እንጨምራለን። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ. ም. ወደ ቆቦ በዘለቀ ጊዜ፣ በነሐሴ 2014 ዓ. ም. ዳግም በተነሣ ጊዜም፣ ቤቱን ዘግቶ የወጣ ሰው ሁሉን ተሸክሞ መሄድ እንደማይችል ታይቷል። እህል እንደ ገና ይዘራል፣ ሱቅ እንደ ገና ይሞላል፤ የጠፋ ፎቶግራፍ ግን ሁለተኛ አይነሣም። ስለዚህ ትልልቆቹ ፋይሎች፣ የተፈረሙት የፈቃድ ወረቀቶችና የሽያጭ መዝገቡ በሦስት ቅጂ ይቀመጡ፤ አንዱ በቤት፣ አንዱ በሌላ ከተማ በዘመድ ዘንድ፣ አንዱም በኢንተርኔት ማከማቻ።

ይህን ሥራ ለመጀመር ሺህ ፎቶግራፍ አያስፈልግም። በጥንቃቄ የተመረጡ፣ መግለጫቸው የተሟላ፣ ፈቃዳቸው የተፈረመ፣ ዋጋቸው የተጻፈ ሃያ ምስሎች ስም ከሌላቸው ሁለት ሺህ ምስሎች ይልቅ ይሸጣሉ። ለእህሉ ሚዛኑን፣ ለጨርቁ ሜትሩን የሚያስተካክል ነጋዴ ለፎቶግራፉም መግለጫውንና ውሉን ያስተካክል። ገዢው በሩቅ ሆኖ የሚያምነው በእነዚህ ነው።