ሳነቴ ላይ ሃይሉክሳችሁ ለምን ይደክማል? ካምሻፍት መቀየርስ ያዋጣል?

ከጎባ ወደ ደሎ መና ስትወጡ ፒካፓችሁ ጥቁር ጭስ እያግተለተለ ሁለተኛ ማርሽ ላይ የቀረባችሁ ብዙ ናችሁ። ሹፌሩን አትቆጡት፣ ጉዳዩ አየሩ ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባህር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሮቤ ላይ ራሱ ሩብ ያህሉ ጎድሏል። ቱርቦ የሌለው የድሮው 5ኤል ሞተር ደግሞ የሚስበው ያገኘውን ነው። ፖምፓው ግን ናፍጣውን እንደ ቆላው ይልካል፤ በደንብ ያልተቃጠለው ጭስ ሆኖ ይወጣል።

«ካምሻፍት ቀይርለት፣ ይበራል» የሚሉ አሉ። ካምሻፍት ቫልቮቹ መቼ እና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈቱ ይወስናል። ረዘም አድርጎ የሚከፍት ካም ጉልበቱን ወደ ከፍተኛ ዙር ይወስደዋል። ገብስ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ መኪና የሚያስፈልገው ግን የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ነው! በዚያ ላይ ናፍጣ ሞተር ውስጥ በቫልቭና በፒስተን መሀል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ካሙ ልኩ ካልሆነ ቫልቭ ይጣመማል፣ ቴስታታ ይወርዳል። እኛ ብንሆን ብራችንን እዚያ ላይ አናወጣም።

መጀመሪያ ዲፕራተሩን እዩት፤ አቧራ ከደፈነው ያለችውንም አየር ይከለክላል። ስኖርክል አቧራ ይቀንሳል እንጂ ኦክስጅን አይጨምርም። ቀጥሎ ፖምፓውን ለደጋ አስለኩ። አየሩን አምቆ የሚያስገባው ቱርቦ ነው፣ ወጪው ግን ከበድ ይላል። ከገጠማችሁ ደግሞ ዳገቱን እንደጨረሳችሁ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ቱርቦው እስኪቀዘቅዝ ትንሽ ይዙር።