የባሕር ዛፍ ዘይት ለምን ይበጃል? ለምንስ አይበጅም?

የባሕር ዛፍ ቅጠል በእጃችን ስናሸው ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሽታው የሚመጣው በቅጠሉ ውስጥ ካለው ዘይት ነው።

ባሕር ዛፍ ጥንት በአገራችን አልነበረም። የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገባ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ነበር። ዛፉ ቶሎ ስለሚያድግ ችግሩን አቃለለ። ግንዱ ቤት ተሠራበት፤ ቅጠሉ እንጀራ ተጋገረበት። እናቶቻችን ደግሞ ለጉንፋን ታጠኑበት።

ዘይቱ እንዴት ይወጣል? እንደ አረቄ አወጣጥ ነው። ቅጠሉ በትልቅ በርሜል ይሞላል። ከሥር የውሃ እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ በቧንቧ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ዘይቱም ከላይ ይንሳፈፋል። ከ100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል የሚገኘው ዘይት 1 ወይም 2 ኪሎ ቢሆን ነው። እንግዲህ አንዲት ብልቃጥ የስንት ቅጠል ጉልበት እንደያዘች አስቡት!

በዘይቱ ውስጥ ሲኒዮል የሚባል ነገር አለ። በብዙ የጉንፋን ቅባቶች ውስጥ የባሕር ዛፍ ዘይት የሚጨመረው ለዚሁ ነው። ስናሸተው የታፈነ አፍንጫችን የተከፈተ ይመስለናል፤ ቀለል ይለናል። ጉንፋኑን ግን አያጠፋውም። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ በራሱ ይለቃል።

አዋቂ ሰው ቅጠሉን ቀቅሎ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ተጠንቅቆ ቢታጠን አንከለክልም። ሕፃን ግን አይታጠን! ሕፃን ይወራጫል፤ ድስቱ ይገለበጣል። ጉንፋን የያዘው ልጅ በፈላ ውሃ ይቃጠላል።

ዘይቱን መጠጣትስ? ኧረ በጭራሽ! አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ እንኳ ሕፃንን ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ብልቃጡን ከልጅ እጅ አርቁ። ልጅ ከዋጠ እንዲያስመልሰው አታድርጉ። ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ቅባቱንም ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አትቀቡት።

እኛን ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የሳንባ ምች ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል። ቤተሰቡ «ጉንፋን ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ ቅጠል ሲቀቅል ቀኑ ያልፋል። የሳንባ ምችን ባሕር ዛፍ አያድነውም። ቶሎ መታከም አለበት።

ታዲያ በምን እንለየው? ልጁ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ገለጥ እናድርግ። ሰዓት ይዘን አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን እንቁጠር። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነው። መቁጠር የሚችል ሰው ሁሉ ይህን ማወቅ ይችላል። አየር ሲስብ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ጡትም አልጠባም ካለ፣ ነገሩ የባሰ ነው። ይንጋ አትበሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። ስንት እንደቆጠራችሁም ለጤና ሠራተኛው ንገሩት።