ለሕክምና ትምህርት የሚደረግ ዝግጅት

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ በትምህርቱ ጎበዝ የሆነ ልጅ ገና ከትንሽነቱ «ዶክተር» ተብሎ ይጠራል። ስሙ የፍቅርና የተስፋ ስም ነው። ይሁን እንጂ ስም ማውጣትና ለስሙ ማብቃት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ከቤተሰቡና ከመምህራኑ የሚሻው እርዳታ ምኞት ብቻ አይደለም። የጥናት ጊዜ፣ ጸጥ ያለ ቦታ፣ ስለ ሙያው እውነተኛ ዕውቀትና በራሱ የመወሰን ነጻነት ያስፈልገዋል። በዚህ ምንባብ በአዲስ አበባ እምብርት፣ በአራዳና በፒያሳ አካባቢ የሚኖረውን ተማሪ ኑሮ መነሻ በማድረግ እነዚህን ነጥቦች በየተራ እንመለከታለን።

አራዳ ለዘመናዊ ትምህርት ባዕድ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ይኸውም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው በዚሁ አካባቢ ነው። ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛም በእግሩ ብዙ ሳይደክም የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ያገኛል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የሚወጡ ሐኪሞች ከበሽተኛ አጠገብ ቆመው የሚሠለጥኑት በዚህ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ የአራዳ ተማሪ የሚመኘው ቦታ ከዐይኑ የራቀ አይደለም፤ የሚያርቀው በመካከል ያለው የዝግጅት ጎዳና ነው።

ያ ጎዳና ምን እንደሚመስል ለመረዳት በመጀመሪያ የአገባቡን ሥርዓት ማወቅ ይገባል። ተማሪው ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲያልፍ የተፈጥሮ ሳይንስን ዘርፍ መምረጥ ይኖርበታል። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂና በአጠቃላይ ችሎታ መለኪያ ብሔራዊ ፈተና ይፈተናል። ይህ ፈተና በ2014 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ወደ ሕክምና የሚገቡት ጥቂቶቹ ናቸው።

ፈተናውን ማለፍ ብቻውን በቂ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን እንዲማር ስለ ተደረገ፣ ሕክምናን ለመማር በሚደረገው ውድድር የዚያ ዓመት ውጤት ከፍተኛ ግምት ይሰጠዋል። «ፈተናውን አለፍሁ» ብሎ የተዘናጋ ተማሪ ሊቀደም የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚህም ሌላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። ደንቡ ከዓመት ወደ ዓመት ሊለወጥ ስለሚችል፣ ወላጅ በሰፈር ወሬ ሳይመራ የየዓመቱን ማስታወቂያ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ማንበብ አለበት።

ብዙ ተማሪዎች «ሐኪም ለመሆን ባዮሎጂ ይበቃኛል» ብለው ያስባሉ። ይህ አስተሳሰብ የተሳሳተ መሆኑን አንድ ምሳሌ ያስረዳል። ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም የሆነ ሕፃን ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። ፓራሲታሞል ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በ15 ሚሊ ግራም ቢሰላ ለሕፃኑ 180 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ፣ የሚሰጠው መጠን 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ነጥቧን ዘንግቶ 75 ብሎ የጻፈ ሰው ግን ለሕፃኑ ዐሥር እጥፍ መድኃኒት አዘዘለት። በክፍል ውስጥ አንድ ማርክ ብቻ የምታስቀንሰው ነጥብ በሕክምና ቤት የሰው ሕይወት ልትቀጥፍ ትችላለች። የደም ግፊትን ለመረዳት የፊዚክስን የግፊት ሕግ ማወቅ፣ የደም ፒ ኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ወሰን ውስጥ ለምን መቆየት እንዳለበት ለመረዳት ደግሞ የኬሚስትሪን የአሲድና የቤዝ ትምህርት ማወቅ የግድ ነው።

ከሳይንስ ትምህርቶች ባልተናነሰ ተማሪው ለቋንቋ መትጋት አለበት። የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛው ግን የሚናገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። አንዲት እናት «ምች መታኝ» ወይም «ብርድ ገባኝ» ሲሉ ሐኪሙ ቃሉን ንቆ ማለፍ አይገባውም። በዚያ ቃል ውስጥ የተሸፈነውን ሕመም ጠይቆ ማውጣት ይጠበቅበታል። ቁርጠትና ውጋት፣ ቃርና ማቅለሽለሽ ለየብቻ የሚመረመሩ ስሜቶች ናቸው። «እማማ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረዎት? የት ቦታ ላይ ነው? ምን ሲያደርጉ ይብስብዎታል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ፣ መልሱንም በጊዜ ቅደም ተከተል ማስፈር የሐኪም የመጀመሪያ ሥራ ነው። ይህም በድርሰት ክፍለ ጊዜ ከምንለማመደው ሐሳብን በሥርዓት የማቀናበር ችሎታ የተለየ አይደለም።

በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሆኑት የሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ታሪክ ይህንኑ ያስታውሰናል። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ሕንድ ተወሰዱ። ዛሬ በፓኪስታን ግዛት በምትገኘው በላሆር ከተማም የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ከአድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ ግን በሕፃንነታቸው የተለዩትን የወገናቸውን ቋንቋ እንደ አዲስ መማር አስፈለጋቸው። ሕክምናን በባዕድ ቋንቋ መማር ይቻላል፤ የወገንን ሕመም ለመስማት ግን የወገንን ቋንቋ ማወቅ ይጠይቃል።

የአጠናን ዘዴም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዝግጅት በዘጠነኛ ክፍል መጀመር ይገባዋል እንጂ በፈተናው ዋዜማ በሚደረግ የሌሊት ሩጫ አይሟላም። ደብተርን ደጋግሞ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል፤ ደብተርን ዘግቶ ራስን መጠየቅ ግን በእርግጥ ማወቅንና አለማወቅን ይለያል። ስለሆነም ተማሪው የአንድን ምዕራፍ ፍሬ ሐሳብ በራሱ ቃል ይጻፍ፣ ለጓደኛው ያስረዳ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ተመልሶ ራሱን ይፈትን። ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ሰዓት ይዞ ይሥራ፤ የሳታቸውን ጥያቄዎች በልዩ ደብተር መዝግቦ የሳተበትን ምክንያት ይጻፍ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዳሉት፣ የሚከብደውን ትምህርት የሚደብቅ ተማሪም የሚረዳው መምህር አያገኝም። በቂ እንቅልፍ መተኛትም የጥናቱ ክፍል እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም።

በዚህ ላይ የመኖሪያ ሁኔታ የሚያስከትለው ችግር አለ። በአራዳ የቆዩ ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ በጠባብ ቤት ይኖራል፤ ግድግዳው የጎረቤትን ሬዲዮ አይከለክልም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ደግሞ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ ሳይለይ ሰፈሩ የተለወጠበት ተማሪ ጧትና ማታ ረጅም ሰዓት በታክሲና በአውቶቡስ ያሳልፋል። ቤት የማይሰጠውን ጸጥታ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊሰጥ ይችላል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ይጠቅማል። ሩቅ የሚኖረው ተማሪ ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በዚያ አጥንቶ፣ የመንገዱን ጊዜ በወረቀት ቁራጭ ላይ የጻፋቸውን ቃላትና ቀመሮች ለመከለስ ሊያውለው ይችላል።

ቤተሰቡም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ ለልጁ ጊዜ መስጠት ይገባዋል። በተለይ ሴት ልጅ ወጥ ስትሠራ፣ ልብስ ስታጥብ፣ ታናናሾቿን ስትጠብቅ አምሽታ፣ ሌላው ሲተኛ ደብተሯን የምትገልጥ ከሆነ፣ ከወንድሟ ጋር እኩል ተወዳደረች ለማለት አይቻልም። የቤቱን ሥራ ለወንዱም ለሴቷም ማከፋፈል ለአስጠኚ ከሚከፈል ገንዘብ የበለጠ የሚረዳበት ጊዜ አለ። ወላጁ ያልተማረ ቢሆን እንኳ «ዛሬ ምን ተማርህ? ምን ተማርሽ?» ብሎ መጠየቅና በትዕግሥት ማዳመጥ ይችላል።

ሌላው ግዴታ ሙያውን እንዳለ ማሳየት ነው። ሕክምና ነጭ ጋዋንና ክብር ብቻ አይደለም። ሌሊት መቆምን፣ ደምና ቁስልን መልመድን፣ የሞትን መርዶ ለቤተሰብ መንገርንም ይጠይቃል። ትምህርቱ ብዙ ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን፣ ከምረቃ በኋላም ሀብት የተረጋገጠ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በልዩ ልዩ የአገራችን ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሐኪሞችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ስለዚህ ወጣቱ በቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ቢወስድ፣ በአካባቢው ካለች ነርስ ወይም ሐኪም ጋር ቢነጋገር፣ በቤት የታመሙ አያቱን ቢያስታምም፣ ሙያው ከጠባዩ ጋር መስማማቱን ይመረምራል። ይህን ሁሉ አይቶ «አሁንም እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ ምኞቱ የራሱ ነው። «አልፈልግም» ካለም ሊደመጥ ይገባል፤ ወላጁን ለማስደሰት ብቻ ሐኪም የሆነ ሰው በሽተኛውን በትዕግሥት ለመስማት ይቸገራልና።

በመጨረሻም ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በመሆኑ፣ በሚገባ ተዘጋጅቶም ሕክምና የማይደርሰው ተማሪ ይኖራል። ይህ ልጅ ወድቋል ሊባል አይገባም። አዋላጇ፣ ፋርማሲስቱ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ነርሱና የጤና መኰንኑ ሁሉ ከሐኪሙ ጋር ሆነው ሕይወት የሚያድኑ ናቸው። በጥናት ዓመታት የተገኘው ዕውቀት፣ የማዳመጥ ልማድና የተስተካከለ አጻጻፍም በየትኛውም ሙያ አይባክንም። እንግዲህ ልጁን «ዶክተር» እያለ የሚጠራ ቤተሰብ፣ ዛሬ ማታ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ፣ የማዕዱን ጠረጴዛ ለደብተሩ ቢለቅለት፣ ስሙን በተግባር መደገፍ ጀመረ ማለት ነው።