ዓይኑን ሳይሆን ጎማውን እዩ

«ያ አደጋ እንዴት ደረሰብህ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ግራ እጄ በጀሶ ስለነበር ለሁላችሁም መመለስ አልቻልኩም። አሁን ጀሶው ወጥቷል፤ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው። ረዘም ይላልና ታገሱኝ። ሞተር የምትነዱ እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ መኪና የምትነዱ ደግሞ ይበልጥ።

ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። ሐዋሳ፣ ከፍቅር ሐይቅ ወደ ገብርኤል እየተመለስኩ ነበር። ፍጥነቴ 50 ቢሆን ነው። ሄልሜቴን አጥልቄያለሁ፤ ማሰሪያውም ታስሯል። ከፊት ለፊቴ አንዲት ነጭ መኪና ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ አብርታ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆማለች። የሚነዷት ሸበቶ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን ብዬ መማል እችል ነበር። «አይተውኛል» አልኩና ጣቶቼን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ። መኪናዋ በዚያው ቅጽበት ታጠፈች።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ፣ ሰውዬው አጠገቤ ተንበርክከው «ልጄ፣ አላየሁህም፤ በእናቴ ስም አላየሁህም» ሲሉ ነው። እጃቸው ከእኔ እጅ በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ተቆጣ፤ «በቀን ብርሃን እንዴት አላየሁም ይባላል!» አለ። እኔም ተናድጄ ነበር። የእጄ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ። በእነዚያ ሳምንታት ሰውዬው፣ አሁን ጋሼ የምላቸው፣ ሦስት ጊዜ ብርቱካን ይዘው መጡ፤ በመጡ ቁጥር ያቺኑ ቃል ደገሙልኝ። በሦስተኛው ጊዜ አመንኳቸው። ካመንኳቸው በኋላ ደግሞ አዲስ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፦ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ የተመለከተ ሰው እንዴት ሳያየኝ ቀረ?

ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት ከባልደረቦቹ ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን በየቦታው እየሄደ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ዘገባ አውጥቶ ነበር። ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነበረው ለሞተረኛው ነው፤ የነጠቀው ሌላኛው ሹፌር ነው። ከፊት ለፊት መጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ዋነኛው መልክ ነበር። ሹፌሮቹም ያሉት ጋሼ ያሉትን ነው፤ አላየሁትም፣ ወይም ያየሁት ዘግይቼ ነው። የሞተረኞቹ ፍጥነት ደግሞ እንደሚወራው አልነበረም፤ መካከለኛው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ይህ ነው፤ ሞተረኛው አደጋው መምጣቱን ካወቀ በኋላ ለማምለጥ የነበረው ጊዜ በአብዛኛው ከ2 ሰከንድ በታች ነበር።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና አውራ ጣታችሁን አቁሙት። ሞተር ከነነጂው ከፊት ሲታይ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 100 ሜትር ላይ ሲሆን የአውራ ጣታችሁን ሩብ ያህላል። 50 ሜትር ላይ ግማሽ፣ 25 ሜትር ላይ አንድ ሙሉ ጣት፣ 12 ሜትር ተኩል ላይ ሁለት ጣት። ሞተሩ በ60 እየመጣ ነው እንበል። ሩቡ ግማሽ ለመሆን 3 ሰከንድ ይፈጅበታል። ግማሹ ሙሉ ለመሆን አንድ ሰከንድ ተኩል። ሙሉው ሁለት ለመሆን አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከፊት ለፊት ለሚያይ ሹፌር ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ባለበት የቆመ ትንሽ ነጥብ ነው፤ ከዚያ በድንገት ይገዝፋል። «ከየት መጣ?» የሚሉን እውነታቸውን ነው። በዚያ ላይ ዓይናችን ትንሽ ነገር ሩቅ ያለ ይመስለዋል፤ ሹፌሩ አይቶን እንኳ «ገና ነው፣ አልፋለሁ» ብሎ የሚገባው ለዚህ ነው።

ይህ የርቀቱ ነገር ነው። የዓይንና የአእምሮው ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ዓይናችን መንገዱን ስንቃኝ እንደ ውሃ አይፈስም፤ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው በሚዘልበት ቅጽበት አእምሯችን ምስሉን ይዘጋዋል፤ ባይዘጋው ዓለም ሁሉ ይደበዝዝብን ነበር። የተዘለለውን ክፍተት አእምሮ በግምት ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ በባዶ አስፋልት ነው። አንገቱን ቀኝና ግራ ፈጠን አድርጎ የወረወረ ሹፌር ሁሉንም ያየ ይመስለዋል፤ ጠባብ ነገር ግን በሁለት ዝላይ መካከል ሊወድቅ ይችላል።

ዓይኑ ሞተሩ ላይ ቢያርፍ እንኳ ጉዳዩ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ሰዎችን ቪዲዮ አሳይተው ነጭ የለበሱት ተጫዋቾች ኳስ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ አስቆጠሯቸው። በመካከል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ደረቱን እየደቃ አለፈ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ ጎሪላውን አላዩትም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በመንገድ ፎቶግራፍ ላይ አንዴ ታክሲ፣ አንዴ ሞተር ሳይክል አስገብተው ሞከሩ። ሞተሩን ሳያዩ ያለፉት ታክሲውን ካላዩት እጥፍ ያህል ነበሩ። አእምሮ የሚፈልገውን ያያል። ወደ ግራ ለመታጠፍ የቆመ ሰው የሚፈልገው መኪና ነው፤ የሚፈራው ሲኖትራክና አይሱዙ ነው። ጋሼ ወደ እኔ ሲያዩ የመረመሩት «መኪና አለ ወይ?» የሚለውን ነበር። መኪና አልነበረም። ታጠፉ።

ፀሐይንም ልጨምር። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሹፌር ሁሉ ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ናት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ስለነበር መንገዱ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር፤ ለእሳቸውም እንዲሁ የሚታያቸው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ፤ ጠዋትም ሆነ ማታ የራሴ ጥላ ከፊቴ ረዝሞ ካየሁ፣ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ዓይኑ ታውሯል ብዬ ነው የምነዳው።

አሁን ወደ ርእሱ ልምጣ። የሹፌሩን ዓይን አትመኑ። ዓይኑ እናንተ ላይ ማረፉ አየ ማለት አይደለም፤ ራሱን ቢነቀንቅላችሁም ለሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የፊት ጎማውን እዩ። ጎማ ሲንከባለል የላይኛው ጠርዝ ከመኪናው በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ የመኪናው አካል መንቀሳቀሱ ሳይታወቅ ጎማው ያስታውቃል። ቆሞ እያለም መሪው ወደ ግራ ተጠምዝዞ ከሆነ ሐሳቡን ይነግራችኋል። እዚህ ላይ ያወጣሁት ገንዘብ የለም፤ የለወጥኩት የማየውን ቦታ ብቻ ነው።

ጎማውን እያያችሁ ሁለት ጣት ፍሬኑ ላይ ይሁን። በ50 ስትነዱ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ 7 ሜትር ትሄዳላችሁ፤ ከአንድ ሚኒባስ ርዝመት ይበልጣል። ጣት ከእጀታ ወደ ፍሬን እስኪሄድ የሚባክነው ያ ርቀት ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ለመታጠፍ የቆመ መኪና ካለ ደግሞ ነዳጁን ለቀቅ አድርጉ። ከ50 ወደ 40 መውረድ ትንሽ ይመስላል፤ የግጭቱ ጉልበት ግን ከሲሶ በላይ ይቀንሳል።

ስለ ፊት ፍሬን የሚወራውን ተዉት። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» እየተባለ ስላደግን ሁላችንም የኋላውን እንረግጣለን። ኸርትም ያገኘው ይህንኑ ነው፤ አብዛኞቹ የኋላውን ጎማ ቆልፈው ተንሸራተዋል፣ የፊቱን በቅጡ አልተጠቀሙበትም። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ የሚያቆመው የፊት ጎማ ነው። የሚገለብጠው በድንጋጤ በአንድ ጊዜ መጨበጥ ነው። ቀስ ብሎ ጀምሮ እየጨመሩ መጭመቅን ባዶ ሜዳ ላይ፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ፣ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። ሁለት ሰከንድ ውስጥ ማሰብ አይቻልም፤ እጅ የለመደውን ብቻ ነው የሚሠራው።

ሌላው ክፉ ቦታ ከሚኒባስ ኋላ ነው። ከታክሲ ኋላ ተለጥፈን ስንሄድ ከፊት ያለው ሹፌር የሚያየው ታክሲውን ነው። ታክሲው ሲያልፍለት «ነጻ ነው» ብሎ ይገባል፤ እኛ ደግሞ ከታክሲው ጥላ እንወጣለን። ወይ ራቁ፣ ወይ ከመስመራችሁ ሳትወጡ ትንሽ ወደ መሃል ቀረብ ብላችሁ ታዩ። የመኪናዎቹ የፊት መስታወት ዳርና ዳር ያለው ብረት ብቻውን ሞተርን ከነነጂው ይውጣል፤ እኛ አገር ደግሞ ዘርፍ ያለው መጋረጃ፣ ስቲከርና ተንጠልጣይ ጌጥ ይጨመርበታል።

መብራታችሁን በቀንም አብሩ። እኛ ጋ በቀን መብራት ያበራ ሰው ሲታይ መንገደኛው ሁሉ እጁን እየከፈተና እየዘጋ «አጥፋው» ይላል፤ በቅንነት ነው፤ አመስግናችሁ እለፉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኦክላንድ፣ ኒውዚላንድ ጥናት በቀን መብራት ካበሩ ሞተረኞች ላይ የከባድ አደጋ ዕድል በ27 በመቶ፣ አንጸባራቂ ልብስ ከለበሱት ላይ በ37 በመቶ፣ ነጭ ሄልሜት ካደረጉት ላይ ጥቁር ካደረጉት ይልቅ በ24 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ለመታጠፍ ለቆመ መኪና ግን ረጅም መብራት አታብለጭልጩ። አንዱ «መጣሁ» ብሎ ያብለጨልጫል፤ ሌላው «እለፍ» ተብያለሁ ብሎ ይገባል። ማርሚታ ማስጮህም አይጠቅምም፤ ድምፁ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ከፊት ያለው ሹፌር መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ እየሰማ ነው። ሄልሜት ላይ ብዙ አልልም። የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል፤ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ የሚጠለቅ ሄልሜት ግን ማንንም አያድንም።

እስካሁን የጻፍኩት ሳያዩ ስለሚገጩን ሰዎች ነው። አይተውን የሚመጡ አሉ፤ ስለ እነሱ ስጽፍ ልቤ ይደማል። በሻሸመኔ መንገድም ይሁን በዲላ መንገድ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። ከፊት ለፊት አንዱ ሹፌር አውቶብስ ደርቦ ይወጣል። ያያችኋል። መኪና ብትሆኑ ወደ መስመሩ ይመለስ ነበር። «ሞተር ነው፣ ይውረድ» ብሎ ይመጣል። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ጠጠር አለ፣ ከጠጠሩ በታች ሕፃናት ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፣ ፍየል አለ፣ ውሃ የተሸከመች እናት አለች። እኛ የምንወርደው በእነሱ ላይ ነው። ሹፌር ወንድሞቼ፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፤ ያ ሞተር ላይ ያለው የጤና ባለሙያ ክትባት ይዞ ገጠር እየወረደ ይሆናል፤ ከኋላው ያለችው ምጥ የያዛት ሴት ልትሆን ትችላለች። ለአንድ ደቂቃ ከአውቶብሱ ኋላ ቆዩላቸው።

ወደ ግራ ስትታጠፉም ሁለት ጊዜ እዩ። ዓይናችሁን አትወርውሩት፤ ሩቅ ላይ አሳርፉት፣ ቅርብ ላይ አሳርፉት። መኪና ብቻ አትፈልጉ፤ «ሞተር አለ?» ብላችሁ በአፋችሁ ጠይቁ። ጋሼ አሁን እንዲህ እንደሚያደርጉ ነግረውኛል፤ አጠገባቸው የሚቀመጡት ባለቤታቸውም አብረዋቸው እንደሚመለከቱ።

ሞተሬን ካስነሳሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ትናንት ማታ በዚያው መንገድ ስመለስ፣ ያው መስቀለኛ ጋ አንዲት ሰማያዊ መኪና ወደ ግራ ልትታጠፍ ቆማለች። ሹፌሩ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ነበር የሚያየው። ጥላዬ ከፊቴ ረዝሟል። ነዳጁን ለቀቅኩ፣ ሁለት ጣቴን ፍሬኑ ላይ አኖርኩ፣ ጎማው ላይ አተኮርኩ። ጎማው ሩብ ዙር ያህል ተንከባለለ። ጨመቅኩት፤ ቀስ ብዬ ጀምሬ፣ እየጨመርኩ። መኪናዋ በሦስት ሜትር ርቀት ከፊቴ አለፈች፤ ሹፌሩ ዞር እንኳ አላለም። ከኋላ መቀመጫ መስኮቱ ላይ የተለጠፈች አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ግን አይታኛለች። እጇን አውለበለበችልኝ። ግራ እጄን አነሳሁላት።