የስኳር መለኪያ ስትሪፕና በውስጡ የተቀመጠው ኤንዛይም

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የጣቱን ጫፍ ወግቶ አንዲት የደም ጠብታ በስትሪፕ ላይ ባስነካ ጊዜ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በመለኪያው መስኮት ቍጥር ይታያል። ብዙ ሰው ይህን የማሽኑ ሥራ ብቻ አድርጎ ይገምታል። ነገር ግን ስኳሩን ከደሙ ለይቶ የሚያውቀው ማሽኑ አይደለም፤ በስትሪፑ ጫፍ ላይ ደርቆ የተቀመጠው ኤንዛይም ነው። ኤንዛይምም ሕይወት ካለው ፍጡር የሚገኝ ስለ ሆነ፣ አያያዙ ካልተጠነቀቁለት ይበላሻል። ስለዚህ በዚህ ወር የኤንዛይሙን ጠባይና ጠቢባን በብርሃን የሚመረምሩበትን መንገድ ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን የመቀሌ ሰው ያውቀዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ በዓይደር ሆስፒታል ኢንሱሊን እየተመናመነ ሄዶ፣ ሐኪሞቹ ችግሩን ለዓለም በይፋ እስከ ማሰማት ደርሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ጊዜ ላሳለፈ ሰው የኢንሱሊን ዋጋ አይነገረውም። በተሳሳተ ቍጥር ተመርቶ የሚወጋ በሽተኛ ግን መድኃኒቱን ከማባከን አልፎ፣ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን እስከ መሳት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል።

ኤንዛይምን ከኤሌክትሪክ መለኪያ ጋር የማጣመሩን ሐሳብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ያቀረበው ሌላንድ ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከባልደረባው ጋር ነው። የተጠቀሙበትም ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም ነበር። ይህ ኤንዛይም በብዛት የሚመረተው አስፐርጊለስ ኒጀር ከሚባለው ጥቁር ሻጋታ ነው፤ ከቤታችን የምንጠርገው ሻጋታ በሐኪም ቤት እንዲህ ማገልገሉ የሚያስደንቅ ነው። በዛሬው ጊዜ ከሚሸጡት ስትሪፖች አንዳንዶቹ ይህንኑ፣ ሌሎቹም ግሉኮስ ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለውን ይይዛሉ። በፊተኛው የሚሠራው ስትሪፕ በደም ውስጥ ባለው የኦክሲጅን መጠን ሊዛባ ስለሚችል፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በምትገኘው በመቀሌ የሚኖር ሰው ከስትሪፑ ጋር በሚመጣው መግለጫ ላይ የተጻፈውን የከፍታ ወሰን ቢያነብ ይጠቀማል።

የግሉኮስ ኦክሲዴዝ እምብርት ኤፍ.ኤ.ዲ. የምትባል፣ ከቫይታሚን ቢ2 የተሠራች ቢጫ ሞለኪውል ናት። አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ መልክ የሚያገኘው ከዚሁ ቫይታሚን ነው። ይህች ሞለኪውል ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባት አረንጓዴ ብርሃን መልሳ ትሰጣለች። አንዱን ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም መመለስን ጠቢባን ፍሎረሰንስ ይሉታል። ኤንዛይሙ ደኅና ሲሆን ኤፍ.ኤ.ዲ. በፕሮቲኑ እጥፋት ውስጥ ተሸሽጋ ትቀመጣለች፤ ብርሃንዋም በአጠገብዋ ባሉት የፕሮቲን ክፍሎች ታፍኖ እጅግ ደካማ ይሆናል። ኤንዛይሙ በኀይለኛ ሙቀት በተበላሸ ጊዜ ግን እጥፋቱ ይፈታል፤ ሞለኪውልዋም ከተሸሸገችበት ትወጣለች፤ ብርሃንዋም ይጨምራል። እንግዲህ በዚህ ኤንዛይም ዘንድ የብርሃን መድመቅ የብልሽት ምልክት ነው ማለት ነው።

የኤፍ.ኤ.ዲ. መሸሸግ በሌላ በኩል ለመለኪያ ሠሪዎች ችግር ሆኖባቸው ኖሯል፤ ከስኳሩ የተወሰደው ኤሌክትሮን ከፕሮቲኑ ጥልቀት ወጥቶ እስከ ብረቱ ለመድረስ ይቸገራልና። ለዚህ ከታሰቡት መፍትሔዎች አንዱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር፣ ማለት የፕላስቲክ ወገን ነው። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ እንደሚችል በ1977 (እንደ አውሮፓ) ያስታወቁት ሺራካዋ፣ ማክዳያርሚድና ሂገር በ2000 የኖቤልን ሽልማት አግኝተዋል። በ1986 ደግሞ ግሉኮስ ኦክሲዴዝን ፖሊፒሮል በተባለው ፖሊመር ውስጥ አስሮ ማሠራት እንደሚቻል ታየ። ኤንዛይሙ እንዲህ ሲታሰር እጥፋቱ እንደ ነበረ መቆየቱን ለማወቅ ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ያው ፍሎረሰንስ ነው። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ስዊድን ካለው ከሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እነዚህን ፖሊመሮች፣ ይልቁንም ለፀሐይ ኀይል፣ ሲመረምር ቆይቷል። በገበያ ያለው ተራ ስትሪፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሮኑን የሚያሻግረው በፖሊመር ሳይሆን በትንንሽ ሞለኪውሎች ነው።

የኤፍ.ኤ.ዲ.ን ብርሃን በቤቱ ሊያይ የሚችል የለም። በሙቀት ወይም በእርጥበት የተጎዳ ስትሪፕ መልኩ ከደኅናው አይለይም፤ ቍጥርም መስጠቱን ላይተው ይችላል። ስለዚህ ስትሪፑን ከመጣበት ዕቃ አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ለጎረቤት ማካፈል፣ ከደግነት የመጣ ቢሆንም፣ ጉዳት አለው። በዕቃው ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ነገር አለና ክዳኑ ወዲያው ይገጠም፤ ከምድጃ አጠገብ፣ በመስኮት ፀሐይና በመኪና ውስጥ አይቀመጥ። የደም መውጊያው መርፌ ደግሞ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ የጉበት በሽታና የኤች.አይ.ቪ. ተሕዋስያን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ለወንድም እንኳ አይዋስም።

ኤንዛይሙ ደኅና ሳለም እጅ ሊያሳስተው ይችላል። በክረምት በለስ በየመንገዱ በሚሸጥበት ወራት ልጣጩን አንሥቶ የበላ ሰው ጣቱ ላይ ስኳር ይቀራል። ኤንዛይሙም የጣቱን ስኳር ከደሙ ስኳር ሊለይ አይችልም፤ ሁለቱን ደምሮ ይነግራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 በጃፓን የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ፍሬ ልጠው ሳይታጠቡ የተመረመሩት ሰዎች ቍጥራቸው ከእውነተኛው እጅግ በልጦ ተገኝቷል፤ ጣትን በአልኮል መጥረግም አልበቃም፤ በውሃ መታጠብ ግን ስሕተቱን አስወግዶታል። ውሃ በሚቸግርበት ሰፈር አንድ ኩባያ ይበቃል። መምህራንም ኢንሱሊን የሚወጋ ተማሪ ካላቸው፣ ከምርመራው በፊት ወጥቶ እጁን እንዲታጠብና በደንብ እንዲያደርቅ ይፍቀዱለት፤ በጣቱ ላይ የቀረ ውሃ ደሙን አቅጥኖ ቍጥሩን ዝቅ ያደርገዋልና።